ኮሪደሩ ላይ ጫማ አይቀመጥም

ኮሪደር እንዲህ ያስጨንቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ልጅ ሆኜ ኮሪደር ማለት አርፍዶ የመጣ ተማሪ የሚንበረከክበት ቦታ ነው፤ እኔ ደግሞ ማርፈድ የተፈጥሮ ስጦታዬ ስለነበር የትምህርት ቤታችንን ኮሪደር በጉልበቴ ነው የማውቀው። ትንሽ ከፍ ስል የቀበሌ ኮሪደር መጣ። «ኮሪደሩ ላይ ጠብቅ» የተባለ ሰው ምሳውን ቋጥሮ መሄድ እንዳለበት የተማርኩት እዚያ ነው። የሆስፒታሉም አለ፤ ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር አስታማሚ ሁሉ ብድግ ይላል፣ ሰውየው ግን ሽንት ቤት እየሄደ ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ስደውል ወንድሜን «እንዴት ከረምክ?» እለዋለሁ፤ «ኮሪደር ልማቱ እኛ ሰፈር ገባ» ይለኛል። ጤንነቱን ስጠይቀው የእግረኛ መንገዱን ስፋት፣ የመብራቱን ብዛትና የአበባውን ዓይነት ነግሮኝ ስልኩን ይዘጋል። ዜና ስከፍት የኢኮኖሚ ኮሪደር፣ የአየር ኮሪደር፣ የእርዳታ ኮሪደር አለ። እዚህ ሲያትል የመኪናዬን ሬድዮ ስከፍት ደግሞ «በአይ-ፋይቭ ኮሪደር ላይ ትራፊክ ቆሟል» ይባላል። እኔ መንገደኛ ከኤርፖርት ሆቴል የሚያመላልስ ሻትል ስለምነዳ፣ ቆሟል የተባለው እኔ ነኝ። ዓለም በሙሉ ኮሪደር ሆና ሳሎኑ የት እንደቀረ እንጃ።

የኔ መከራ ግን ከነዚህ ከአንዳቸውም አልመጣም። የመጣው ከቤታችን በር እስከ ሊፍቱ ሠላሳ ሁለት እርምጃ ካላት፣ ግራጫ ምንጣፍ ከለበሰች የሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ነው። እርምጃውን የቆጠርኩት ሥራ ፈትቼ አይደለም፤ የምቆጥርበት ቀን መጥቶብኝ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በልጃችን በኤልዳና ስምንተኛ ዓመት ልደት ነው። እንግዳ ሲመጣ ጫማውን በራችን ላይ ያወልቃል፤ መግቢያችን ጠባብ ስለሆነ ሦስት ጥንድ ጫማ ከገባበት በሩ አይከፈትም። ስለዚህ ጫማው ኮሪደሩ ላይ ይደረደራል። በማግስቱ ከሕንፃው አስተዳደር ደብዳቤ መጣ። ኮሪደሩ ላይ ጫማ ማስቀመጥ ክልክል ነው፣ እሳት ቢነሳ ሰው ተደናቅፎ ይወድቃል ይላል። ለባለቤቴ ለሰናይት «እሳት ቢነሳ እኮ የኛ እንግዳ ጫማውን ሳይዝ አይሮጥም፤ መንገዱን ራሱ ያጸዳዋል» ብዬ አስረዳኋት። ለአስተዳዳሪዋ ንገራት አለችኝ። አልነገርኳትም።

ሁለተኛው ደብዳቤ የመጣው በሽኝት ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ይፍረደኝ። የኛ ሰው ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ብሎ ይነሳል። ወሬው የሚጀምረው ሲሸኝ ነው። አንድ ወዳጃችን ከሚስቱ ጋር መለያየቱን የነገረን ሁለት እጁን የጃኬቱ እጅጌ ውስጥ ከትቶ፣ ኮሪደሩ ላይ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው «በል ቻው» ይሉታል? አንድ ሰዓት ተኩል ቆምን፣ እሱም አለቀሰ፣ ሰናይትም አለቀሰች፣ ጎረቤቶች በር እየከፈቱ አዩን። ደብዳቤው «ኮሪደር መተላለፊያ እንጂ መሰብሰቢያ አይደለም» ይላል። ከታች በወፍራም ቀለም የተጻፈውን ያነበበችልኝ ኤልዳና ናት።

«ዳድ፣ ዋን ሞር ኤንድ ዌ ሃቭ ቱ ሙቭ።»

የኪራይ ውላችን የሚታደሰው በወሩ መጨረሻ ነበር። ሦስተኛ ደብዳቤ ከመጣ አይታደስም ማለት ነው። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። የኤልዳና ትምህርት ቤት ከቤታችን ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው፤ ሰናይት የምትሠራበት ክሊኒክ በእግር ይደረሳል፤ በዚህ ኪራይ እንዲህ ያለ ቤት ሲያትል ውስጥ ድጋሚ አይገኝም። የሰናይት ወንድም ደግሞ ሊንውድ ነው የሚኖረው፤ ደብዳቤውን ከሰማ ጀምሮ በየቀኑ ኮል እያደረገ «ሊንውድ ኑ! እኔ ጋራዡን ላጽዳላችሁ» ይለኛል። ከሊንውድ ኤርፖርት ድረስ መመላለስ ማለት ቀሪ ዕድሜዬን አይ-ፋይቭ ኮሪደር ላይ መጨረስ ነው። እዚያው ቢቀብሩኝም ቀብሩ በትራፊክ ይዘገያል።

የሕንፃው አስተዳዳሪ ዳያን ትባላለች። ስሟ ደብዳቤዎቹ ላይ ስለተፈረመ እኔ በልቤ ቁመቷን ሁለት ሜትር አድርጌያት ነበር። ደወልኩላት። «ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ራሴ መጥቼ ኮሪደሩን አያለሁ፤ ነጻ ከሆነ እናድሳለን» አለችኝ። በፈረንጁ ሦስት ሰዓት ማለቷ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ደስ ብሎኝ ለሰናይት ስነግራት ፊቷ ተለወጠ።

«ቅዳሜ ማኅበሩ እኛ ጋ ነው እኮ።»

የጽዋ ማኅበር አለን። የማርያምን በየወሩ በየተራ እናወጣለን፤ ጽዋው ካለፈው ወር ጀምሮ እኛ ቤት ተቀምጦ ተራችንን ይጠብቃል። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ጋሽ ታደለ ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸው ዛሬም የአባላቱን ስም ዝርዝር በቃላቸው የሚጠሩ ሰው። ደውዬ ቀኑን በአንድ ሳምንት እንዲገፉልኝ ለመንኳቸው።

«ማርያምን ‹ሊዝ ላሳድስ ነውና ለሚቀጥለው ሳምንት ላድርግልሽ› ልትላት ነው?» አሉኝ።

«እንደሱ ማለቴ አይደለም፣ ጋሽ ታደለ...»

«እሷ ሊዙንም ታሳድሰዋለች። ይልቅ ጠላው በደንብ ይጠንሰስ።»

እንግዲህ እቅድ አወጣሁ። እቅድ ማውጣት እወዳለሁ፤ የማልወደው የሚቀጥለውን ነው። እንግዶቹ በአሥራ አንድ ሰዓት ይገባሉ፣ በሁለት ይወጣሉ፤ ሁለቱም በፈረንጁ ነው። በር ላይ እኔ እቆማለሁ፤ እያንዳንዱ ሰው ጫማውን ሲያወልቅ ተቀብዬ ጥቁር ላስቲክ ከረጢት ውስጥ እከታለሁ፤ ከረጢቱ ከበሩ ኋላ መስቀያው ላይ ይንጠለጠላል። ሽኝት ሳሎን ውስጥ ያልቃል፤ ከዚያ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ በሠላሳ ሁለት እርምጃ ሊፍት ውስጥ። እርምጃውን የቆጠርኩት ለዚህ ነው።

በአሥራ አንድ የተጠሩት በአሥራ ሁለት ተኩል መምጣት ጀመሩ። ይኼን እንኳ እቅዴ ውስጥ አስቤበት ነበር። የከበደኝ ጫማ መቀበሉ ነው። የንስሐ አባታችንን ጫማ አንስቼ ጥቁሩ ከረጢት ውስጥ ስከተው አዩኝና «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አሉኝ። ለየጫማው ቁጥር ልሰጥ ስል ሰናይት ከወጥ ቤት ሆና «ሰው እየሳቀብህ ነው፣ ተው!» አለችኝ። አሥራ ስምንት ሰው ገባ፣ ሁለት ከረጢት ሞላ። ኮሪደሩን ወጥቼ አየሁት፤ ባዶ፣ ግራጫ፣ ያማረ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም፤ ውል የታደሰልኝ መስሎኝ በሩን ዘጋሁት።

ጸሎት ተደረገ፣ ጽዋው ዞረ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። አሁን እትዬ አስካለን ላስተዋውቃችሁ። እትዬ አስካለ መሃል ከተማ ሆቴል ውስጥ ክፍል ሲያጸዱ አሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሰው ቤት ሄደው ቁጭ ማለት አይሆንላቸውም። «አረፍ ይበሉ» ሲባሉ «እኔ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ እንዴ?» ብለው ይቆጡና እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ። ሳህን አጠቡ፣ ምጣዱን ፈተጉ፣ የኤልዳናን ፀጉር ሠሩ፤ ከዚያ ትንሽ ጠፉና እጃቸውን እየታጠቡ ተመለሱ።

«ሰንዬ፣ ቆሻሻውን ጣልኩልሽ» አሉ። «ምን አጭቀሽበት ነው እንዲህ የከበደው? ወገቤን!»

ሰናይት «ኧረ ምነው ደከሙ!» አለች። እኔም ተነስቼ፣ ወገቤን ሰበር አድርጌ፣ «እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን» አልኳቸው። ይኼን ምርቃት እስከ ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። የጫማዎቹን ገዳይ ነበር የመረቅሁት።

ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የማሳረጊያው ጸሎት አለቀና ጫማ ላድል በኩራት ወደ በሩ ሄድኩ። ከበሩ ኋላ ምንም የለም። በሩን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። ጃንጥላ ብቻ። እትዬ አስካለን አየኋቸው፤ እሳቸውም አዩኝ፤ እኔ ሳልናገር ነው የገባቸው መሰለኝ፣ እጃቸው ቀስ ብሎ አፋቸው ላይ ወጣ።

«ያ... ያ ጥቁሩ...?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«በመስኮቷ ከተትኩት እኮ!»

መስኮቷ ማለት ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለችው የቆሻሻ መጣያ ናት። እዚያ የገባ ነገር ሦስት ፎቅ ተንሸራቶ ምድር ቤት ያለው የቆሻሻ ክፍል ውስጥ ያርፋል። በካልሲ እየሮጥኩ ወረድኩ። ክፍሉ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ያለው ዳያን ጋ ነው። በሩን ደበደብኩት። ጫማ ደግሞ ከውስጥ አይከፍትም። ለዳያን ኮል ባደርግ ቮይስ ሜይል ሆነ። ደግሞ ምን ብዬ መልእክት ልተውላት? «ኮሪደሩ ነጻ ነው፣ ምናልባት ቁልፍ ይዘሽ ነይ»?

ስመለስ ኮሪደሩ ባዶ አልነበረም። እንግዶቹ ጋባዡን ላለማሳፈር ብለው፣ ቅር ሳይላቸው፣ «ችግር የለም፣ በካልሲ እንሄዳለን» ብለው ወጥተዋል። ወጥተው ግን አልሄዱም። ኮሪደር ነዋ! አሥራ ስምንት ሰው ነጭ ነጠላውን አጣፍቶ፣ በካልሲው፣ ከግድግዳ ግድግዳ ሞልቶ ወሬው ተጀምሯል። ሳሎን ውስጥ ሦስት ቃል ያልተናገረች ልጅ ቀለበት ማሰሯን እያሳየች ናት፤ እልል ሊባል ከንፈር ሁሉ ተዘጋጅቷል። ጋሽ ታደለ ልጃቸው ቤልቪው የገዛውን ቤት ከመሠረቱ ጀምረው እየገነቡት ነው።

«እባካችሁ፣ በማርያም፣ እልልታው ይቅር» አልኩ። «ቀስ ብላችሁ አውሩ።»

«ቀስ ብለን ነው እንጂ የምናወራው!» አሉ ጋሽ ታደለ፤ ድምፃቸው ሁለተኛ ፎቅ ተሰማ።

ያን ጊዜ ሊፍቱ ተከፈተ። ዳያን ከተባለው ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀድማ መጣች። ቁመቷ እስከ ትከሻዬ ነው፣ መነጽር አላት፣ ክንዷ ላይ ወረቀት ታቅፋለች። ሰዉን አየች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ታች ወረደና በሠላሳ ስድስት እግር ላይ ቀስ ብሎ ሄደ።

«ጫማቸው የት አለ?» አለችኝ።

በሕይወቴ ብዙ ሞኝ መልስ መልሻለሁ፤ የዚህን ያህል ግን በኩራት የመለስኩት የለም።

«ኮሪደሩ ላይ አይደለም» አልኳት።

ከዚያ ሁሉን ተናዘዝኩ። ከረጢቱን፣ መስኮቷን፣ እትዬ አስካለን ሳይቀር ሸጥኳቸው። ዳያን ሰማች፣ ፊቷ አልተፈታም፣ ቁልፉን ከኪሷ አወጣችና «ተከተለኝ» አለች። ምድር ቤት ወረድን። አንደኛው ከረጢት በሰላም አርፏል። ሁለተኛው ፈንድቶ ጫማው ከሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ጋር ተዋውቋል። የአባታችን አንድ ጫማ ፒዛ ካርቶን ውስጥ ተኝቷል። እኔ ገንዳው ውስጥ ገብቼ ስፈልግ ዳያን በስልኳ መብራት ታበራልኝ ጀመር። «እሱ ግራ ነው፣ ቀኙ ከበስተኋላህ ነው» ትላለች። ስምንተኛው ጥንድ ላይ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ተቆጥታ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀች ነው። እኔም ሳቅ ያዘኝ፤ ገንዳ ውስጥ ሆኜ፣ የሰው ጫማ ታቅፌ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ሁሉም ጫማ ተገኘ፤ ከአንድ በስተቀር። የጠፋው የእትዬ አስካለ የራሳቸው ግራ ጫማ ነው። ሲነገራቸው «ማርያም ፈረደች» አሉና የኔን ነጠላ ጫማ አድርገው አንድም ነገር እንዳላጣ ሰው ቆሙ።

ዳያን ወረቀቷን አንስታ ልትሄድ ስትል ጋሽ ታደለ መንገዱን ዘጉባት።

«ይቺ ሴትዮ ይህን ሁሉ ደክማ ከበር ልትመለስ ነው? በሉ እንግሊዝኛ የምትችሉ ንገሯት እንጂ!»

«ሥራ ላይ ነኝ» አለች ዳያን። የሰማት የለም። አንዷ ክንዷን ያዘች፣ አንዷ ቦርሳዋን ተቀበለች። ኤልዳና «ጀስት ዋን ባይት፣ ዴይ ዎንት ስቶፕ» ብላ መከረቻት። ሰው ሁሉ ተከትሏት ተመልሶ ገባ። እኔ የተረፈውን ከረጢትና አንድ እቅፍ ጫማ ተሸክሜ ከኋላ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

አንድ ጉርሻ የተባለው ሦስት ሆነ፤ አንዱ ያጣላል፣ ሁለተኛው ያስታርቃል፣ ሦስተኛው ያፋቅራል ተብሎ ተተርጉሞላታል። ጠላውን ቀመሰች፣ ደገመች። «እንግዲህ ልሂድ» ባለች ቁጥር «ኧረ ገና ምን ተቀመጥሽ!» ተባለች። በመጨረሻ ተነሳች፣ እኛም ለመሸኘት ተነሳን። የሚገርማችሁ፣ ሳሎን ውስጥ «ምግቡ ጥሩ ነው» ከማለት ሌላ ያልተነፈሰች ሴት፣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ስለ ልጇ አወራችልን። ፖርትላንድ ነው ያለው፣ ከገና ወዲህ አልደወለም። እትዬ አስካለ እንግሊዝኛውን ግማሹን ሰምተው ሙሉውን አለቀሱ። አርባ ደቂቃ ቆምን። ስለ ውሉ ግን አልተነሳም፤ እኔም ልጇ ያልደወለላትን እናት ስለ ሊዝ መጠየቅ አልሆነልኝም።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ በራችን ላይ ደብዳቤ ተለጥፏል። ሦስተኛው። ከነፎቶው። የቤታችን ቁጥር ከላይ በጉልህ ይታያል፤ ከሥሩ፣ ምንጣፉ ላይ፣ ጎን ለጎን የተቀመጠ አንድ ጥንድ ቡናማ ጫማ፤ ማሰሪያው አረንጓዴ ነው። ከታች የዳያን ፊርማ።

በሩን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ያን ሁሉ ስቀን፣ ያን ሁሉ ጎርሳ! አዘንኩባት፤ አልዋሽም፣ በጣም አዘንኩባት። ሰናይት ግን የዋዛ አይደለችም፤ ስልኳን አነሳችና ለማኅበርተኛው ሁሉ እየደወለች «ቡናማ፣ አረንጓዴ ማሰሪያ ያለው የማን ነው?» ትላለች። አሥራ ስምንቱም ካዱ። ጋሽ ታደለ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ አረንጓዴ ማሰሪያ?» ብለው ተቀየሙን። ወንድሟ ከሊንውድ ደውሎ ጋራዡ ጸድቶ ማለቁን አበሠረን።

ኤልዳና ደብዳቤውን ከእጄ ወሰደች፣ አየችው፣ መለሰችልኝ።

«ዳድ። ዳት ኢዝ ሚስ ዳያንስ።»

ፎቶውን እንደገና አየሁት። ቅዳሜ እንግዶቹ ሁሉ ጫማ አለማድረጋቸውን አይታ፣ ማንም ሳያዛት፣ በትሕትና ጫማዋን አውልቃ በራችን ላይ ደርድራ ነበር የገባችው። እኔ ከረጢት ተሸክሜ መሬቱን የት አይቼ! ኋላ እንደሰማነው፣ ኮሪደሮቹን እየዞረ ፎቶ የሚያነሳው የጥገናው ሠራተኛ በዚያ ሰዓት አልፏል፤ ያዘዘችው ደግሞ ራሷ ናት። ደብዳቤው እንደሌላው ሁሉ ፊርማዋ ታትሞበት ወጥቷል። ደወልኩና ፎቶውን በደንብ እንድታየው ነገርኳት። «ነገ እመጣለሁ» ብላ ዘጋችው።

በማግስቱ የታደሰውን ውል ይዛ ራሷ መጣች። በሩን ከፈትንላት። ጎንበስ ብላ አረንጓዴውን ማሰሪያ ፈታች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ምንጣፉ ላይ ልታስቀምጥ ስትል ቆም አለች። ኮሪደሩን ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፤ ከዚያ ጫማዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ ገባች።

ፈረምን። ውሉን ካቀበለችን በኋላ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያን ሦስተኛውን ደብዳቤ ከነፎቶው እንድንመልስላት ጠየቀችን። እኔ ልሰጣት ተነሳሁ። ሰናይት ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝና ለዳያን ፈገግ አለችላት።

«አሁን ብዪ» አለቻት ሳህኑን እያቀረበችላት። «ስለሱ ስንሸኝሽ ኮሪደሩ ላይ እናወራለን።»